የህሙማኑ ሰማይ

ጋሪው የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ በቅሎይቱ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብላ ቀጥ አለች። በገመድ የተጠፈረው የኖራ በርሜል ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ከክዳኑ ሥር ነጭ ውሃ አምልጦ በድንጋዩ መንገድ ላይ ተንዠቀዠቀ። ባለኖራዋ ከኋላ ሆና በርሜሉን በትከሻዋ ደገፈች። አጎቷ ከፊት ልጓሙን ይዞ በቅሎይቱን ይለማመጥ ጀመር።

«እመቤቴ፣ ሌላው ቀን ሁሉ ይሁንልሽ፤ ዛሬ እንኳ አታዋርጂን» ይላታል። «የአገረ ገዢው ትእዛዝ ነው። ብንታሰር አንቺም አብረሽን ነሽ።»

«እሷን ከምትለምን ድንጋይ ፈልገህ ከመንኮራኩሩ ሥር ብትወትፍ ምናለ? ትከሻዬ ሊገነጠል ነው» አለች ባለኖራዋ።

«አንቺ ደግፊ፤ ማሳመኑን ለእኔ ተዪው። እናትሽን ያንን ሰውዬ አታግቢ ብዬ ስለምናትም እንዲሁ ቀጥ ብላ ነበር የቆመችው» አለና ምላሱን ነከሰ።

ያንን ሰውዬ ያለው ሰዓሊውን ነው፤ የባለኖራዋን አባት። በከተማው ስሙን የሚጠራ ከጠፋ ከርሟል። አጎቷም ቢሆን የእህቱን ባል በደህናው ዘመንም አይወደውም ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ስለጠላው ጥላቻው የእሱ ብቻ መሆኑ መቅረቱ ሳያስከፋው አልቀረም። በቅሎይቱ በመጨረሻ ከልመናው ይሁን ከመሰልቸት ባይታወቅም እግሯን አነሳች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከየሱቁ ደጃፍ የቆሙት ነጋዴዎች በርሜሉን አይተው ወዴት እንደሚሄድ ስላወቁ ዝም ብለው አሳለፏቸው። ክር ሻጪዋ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ባለኖራዋን ስታይ ፊቷን የምታዞረው፣ ዛሬ አንገቷን በትንሹ ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻት። ባለኖራዋ ያቺን ሰላምታ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ይዛት ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከከበባው በፊት ሰዓሊው በኮረብታው ላይ ያለውን የህሙማን ቤት ጣሪያ እንዲሥል ተቀጠረ። ሰማይ ልሥል ነው አለ፤ ለሰማዩም ከባሕር ማዶ የሚመጣው፣ ከከበረ ድንጋይ የሚፈጨው እውነተኛ ሰማያዊ ካልሆነ ብሩሽ አላነሳም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። የህሙማን ቤቱ ለዚያ አቅም አልነበረውም። አንድ ጠዋት ግን ቀለሙ ከተፍ አለ፤ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ከተማዋ በተከበበች ጊዜ ጠላት ግንቡን ሊሰብር ሳይደክም በቀጥታ በውሃ በር፣ ከግንቡ ሥር ባለው የቦይ መግቢያ፣ ሰተት ብሎ ገባ። በዚያ ጠባብ ስፍራ ጥበቃውም፣ ሊረዳ የሮጠው ባለሙያና ነጋዴም ረገፈ። ጠላት ተመትቶ ከወጣ በኋላ የተማረከ አንድ የቀለም ነጋዴ ሁሉን ዘረገፈው። ሰዓሊው የውሃ በሩን ውስጠኛ መንገድ ነድፎ ሰጥቶ፣ ዋጋውን በሰማያዊ ቀለም ነበር የተቀበለው። ለራሱ ቅንጣት አላስቀረም፤ የተቀበለውን ሁሉ ጣሪያው ላይ አፍስሶታል። ነገሩ ሳይወጣ በፊት ሸሽቶ በሰው አገር መንገድ ላይ በትኩሳት ሞቷል።

የተረፈችው ልጁ ናት፤ ከእናቷ የወረሰችውን የኖራ ጉድጓድና የአባቷን ስም ይዛ። ጉድጓዱ ጥሩ ነበር፤ ስሙ ግን ደንበኞቿን አንድ በአንድ ወሰደባት። ስለዚህ አገረ ገዢው የከሃዲው ሥራ በኖራ ይሸፈን ብለው ያዘዙ ዕለት ማንም ሳይጠራት ሄዳ ሥራውን ለምና ወሰደች። በገዛ እጄ ከሸፈንኩት ሰው ዓይኔን ያየኛል ብላ ነው። ዓይኗን ማየት ቀርቶ ዳቦ ሲሸጡላት እንኳ እጇን እንዳይነኩ የሚጠነቀቁ ነበሩ፤ ስለዚህ ማንም አይፈርድባትም።

የህሙማን ቤቱ ኃላፊ በር ላይ ጠበቋቸው። ከወገባቸው የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ሲራመዱ ስለሚንቃጨል ሁሉም ባለቁልፏ እማማ ይሏቸዋል።

«በርሜሉ ከደጃፉ አይለፍ» አሉ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ወለሉን ትናንት ነው ያስፈተግሁት። በባልዲ እየቀዳችሁ አስገቡ። ደግሞ ህሙማኑን ወደ ሌላው ክፍል ላዛውራቸው ብል አንነሳም ብለውኛል፤ እንግዲህ ኖራ ቢንጠባጠብባቸው እኔ የለሁበትም።»

«አንነሳም ያሉት ታመው ነው ተቆጥተው?» አለ አጎቷ።

«አንተ ስትታመም አትቆጣም?» አሉት እማማ፣ በሩንም ከፈቱላቸው።

ክፍሉ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ በመሃል እስከ ጣሪያው የሚደርስ የእንጨት መቆሚያ ተሠርቶ ቆሟል። ባለኖራዋ ስትገባ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ቀና ካለች ምን እንደሚሰማት ታውቀው ነበር፤ ያን እንደማይሰማት ሆና ሥራዋን ጨርሳ መውጣት ነበር ዕቅዷ። ከመቆሚያው ሥር የአገረ ገዢው ጸሐፊ ጥቁር ካባውን እንደለበሰ ቆሟል፤ የአገረ ገዢውን ማኅተም በቆዳ ከረጢት አድርጎ በአንገቱ አንጠልጥሎታል። ሥራው ተሠርቶ እስኪያልቅ በዓይኑ አይቶ እንዲመለስ የተላከ ሰው ነው። ወጣት ቢሆንም ፊቱ ፈገግታ የለመደ አይመስልም።

«ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል ቀቢው» አላት። «አንድ ስንዝር እንዳይቀር።»

«እሺ ጌታዬ።»

ከመቆሚያው አጠገብ ባለው አልጋ የተኙት የውሃ በሩ ጥበቃ አዛዥ የነበሩት ሻምበል ናቸው። አንድ እግራቸው ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። ከጎናቸው ያለው ጋጋሪ ደግሞ በዚያ ቀን የሊጥ መዳመጫውን እንደያዘ ከሱቁ ሮጦ የወረደና ዓይኖቹ በእሳት የጠፉ ሰው ነው፤ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ ፋሻ ተጠምጥሞበታል።

«ባለኖራዋ አንቺ ነሽ?» አሉ ሻምበሉ።

«አዎ ጌታዬ። አልጋዎን ሳብ ቢያደርጉልዎ ይሻላል። ኖራ ለዓይን ክፉ ነው።»

«እኔጋ ችግር የለም» አለ ጋጋሪው። «እዚህ ቤት ኖራ የማያስፈራኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሁላችሁም ወደኔ ተጠጉ።»

ከወዲያ አልጋ አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ጸሐፊው ፊቱን አጨማደደ። ባለኖራዋ ባልዲዋንና ሰፊውን ብሩሽ ይዛ መሰላሉን ወጣች፤ ከላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ በጀርባዋ ተጋደመች። እንግዲህ በጀርባ የተጋደመ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ካልሆነ ወደ ላይ ማየቱ የግድ ነው። ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነክራ ባልዲው ከንፈር ላይ ስትጠርገው ከታች ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ?» አለ ጋጋሪው። «ሳትጀምሪ በፊት።»

«ምን ልታዘዝ?»

«እዚያ ላይ ያለውን ንገሪኝ። አልጋ ከያዝኩ ጀምሮ ሻምበል ጠዋት ጠዋት ይነግሩኛል። እግዜር ይስጣቸው፣ ብዙ አጽናንተውኛል። ግን ወታደር ናቸው፤ ወታደር ሲያወራ ካየው ይልቅ ያላየው ይበዛል። ትናንት ዓሣ የሚጠብስ ሰው አለ አሉኝ። ሰማይ ላይ ዓሣ ሲጠበስ የት አገር ታይቶ ያውቃል? አንቺ አፍንጫሽ ሥር ነው። ሲጠፋ የማለቅሰው ለእውነት ይሁን ለውሸት ልወቅ።»

«ጸሐፊ፣ ፍቀድላት» አሉ ሻምበሉ። «የእኔን ስም ለማጥራት ነው።»

ጸሐፊው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ቶሎ በሉ ማለቱ ነበር። ባለኖራዋ ብሩሹን ባልዲው ላይ አጋደመችው። አባቷን የሚያወድስ ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ከራሷ ጋር ተማምላ ነበር፤ ማየትና መናገር ግን ማወደስ አይደለም ብላ ራሷን አታለለች።

«ዓሣ ጠባሹ አለ» አለች። «ግን ሰማይ ላይ አይደለም፤ ከዳር በኩል፣ ወንዝ ዳር ነው የተቀመጠው። ጭሱ ዓይኑን እያቃጠለው ፊቱን አዙሯል። አንዱ ዓሣ ከእጁ ሊያመልጥ ነው።»

«አላልኩህም?» አሉ ሻምበሉ።

«ከሱ ወዲህ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። አንሶላው ነፋስ ገብቶበት እሷን ሊሸፍናት ይታገላታል። ከዚያ በላይ ሽመላዎች አሉ፤ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ አንዷ ግን ወደ ኋላ ቀርታለች።»

«እሷ የእኔ ናት» አሉ ሻምበሉ። «አንድ እግሯ ተንጠልጥሏል። አየሽው?»

ባለኖራዋ ወደ ሽመላዋ ተጠጋች። ቅርብ ሆኖ ላላየው ሰው የማይታየውን ያኔ አየች። በሽመላዋ ክንፍ ጠርዝ ልስኑ ከልስን የሚገናኝበት ቀጭን መስመር አለ፤ በመስመሩ ዳር ደግሞ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ተቀብሯል። ዓይኗን ወደ ቀኝ ስትወስድ ሌላ መስመር፣ ሌላ አሻራ። ወደ ግራም እንዲሁ። ጫፉ በኖራ የተበላ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ አውራ ጣት ነው። ያንን ጣት ታውቀዋለች፤ ፀጉሯን ሲጎነጉን የኖረ የእናቷ ጣት ነው።

እናቷ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ለዓመታት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንደ ቅቤ የለሰለሰውን ኖራ ከአሸዋ ጋር ለውሳ፣ ባሏ በዚያ ቀን ሊሥል የሚችለውን ያህል ብቻ ጣሪያው ላይ ትለስን ነበር። ልስኑ እርጥብ ሆኖ ካልተሣለበት ቀለሙን አይጠጣም፤ በጣም እርጥብ ከሆነ ደግሞ ያበላሸዋል። ደርሶ እንደሆን ለማወቅ ዳሩን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገውና «በል አሁን» ትለዋለች። ያኔ ይጀምራል። እሱ ሲሰክር ሳህን የሚሰብር፣ ሳይሰክር ልብ የሚሰብር ሰው ነበር፤ ያለ እሷ «በል አሁን» ግን አንድም ቀን ብሩሹን አልነከረም። ባለኖራዋ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። አውቃው ረስታው ነበር ማለት ይቀላል፤ ጥላቻ ጥሩውንም ጠራርጎ ይወስዳልና።

«ዝም አልሽ» አለ ጋጋሪው።

«አለሁ።» አለች። «ሰማዩን ልንገርዎ?»

«እሱን ሻምበል ሰማያዊ ነው ብለው ነው የሚያልፉት።»

«ሰማያዊ ሌላ ምን ይባላል?» አሉ ሻምበሉ።

«ዱቄት ሊያቦኩ ሲነሱ» አለች ባለኖራዋ፣ «ምድጃውን ሳያቀጣጥሉ በፊት በሩን ከፍተው ወደ ላይ ያዩ ነበር?»

«እንዴታ። በየቀኑ። ዝናብ ይኖር እንደሆነ።»

«ኮከቦቹ ከጠፉ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትወጣ የነበረው ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ እርስዎ ብቻ የሚያዩት። እሱ ነው እዚህ ያለው፤ ከዳር እስከ ዳር።»

ጋጋሪው ፋሻውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጎ ቆየ። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «እሱን እኮ ድጋሚ የማየው አልመሰለኝም ነበር» አለ። «እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ። አፍሽም።»

ባለኖራዋ ብሩሹን አነሳች። ኖራው ከብሩሹ ጫፍ በደረቷ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ዓሣ ጠባሹ አስጠጋችው፤ ክንዷ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ክር ሻጪዋን አሰበች፣ ያቺን ሰላምታ። የባዶ ቤቷን ደጃፍ አሰበች። ይህን ሸፍና ከወረደች ነገ ከደጃፏ ሰው ይጠብቃታል፤ ሳትሸፍን ከወረደች የከሃዲው ልጅ ናት፣ እስከ መቃብር። ሁለቱንም አጥርታ አየች፤ ብሩሹንም መልሳ ባልዲው ውስጥ ከተተችው።

«ጌታዬ ጸሐፊ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለች።

አጎቷ ከበሩ ሥር ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ፤ ነገር ሲከፋ ኮፍያ ማውለቅ ልማዱ ነው።

«እጅሽ እምቢ አለ?» አለ ጸሐፊው። «የአባትሽን ሥራ ስላየሽ ሆድሽ ባባ ማለት ነው።»

«የእናቴም ሥራ ነው። ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። እኚህ ጋጋሪ ሰማዩን ገና አሁን ነው ያዩት።»

ጸሐፊው ወደ መሰላሉ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ሁሉም ግን ሰማው። «ወንድሜ ውሃ በሩ ላይ ቀርቷል። ታናሼ ነው። እኔ ቀና ስል የማየው ሰማይ አይደለም፤ እሱ የተሸጠበትን ነው። አገረ ገዢው ይህን ያዘዙት በዚያ በር ለቆሰሉት ብለው፣ ሌት ተቀን የከሃዲ እጅ ሥራ ላይ እንዳያፈጡ ብለው ነው። ለእናንተ ነው የመጣሁት። ውለታ መሆኑ ቀርቶ አሁን እኔ ክፉ ሆኜ ልገኝ ነው?»

«ክፉ አልሆንክም» አሉ ሻምበሉ። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ወንድምህን አውቀዋለሁ። በግራዬ በኩል ነበር የቆመው፤ ጫማው ይሰፋው ስለነበር በጨርቅ ወትፎት ነበር።»

ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ጫማ ነው» አለ።

«ስማኝ እንግዲህ ልጄ። ሰዓሊውን ባገኘው ኖሮ በቀረችኝ እግር ተነስቼ ባነቅሁት። ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር በል የሚለኝም ሰው እንዲመጣ አልፈልግም። ለራሱ ምንም አልወሰደም ይላሉ፤ ይህ ነገሩን ያሻሽለው ያባብሰው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህ ሰማይ ግን የሱ አይደለም። እግሬን ሲቆርጡኝ ሐኪሙ ወደ ላይ እይ አለኝ፤ አየሁ። ያቺ ወደ ኋላ የቀረች ሽመላ ትደርስባቸው ይሆን እያልኩ ሳስብ ነው መጋዙ ያለቀው። ዋጋውን የከፈለው እሱ መሰለህ? ወንድምህ ነው የከፈለው። እኔ ነኝ። ይህ ጋጋሪ ነው። ከፍለን የወሰድነውን ነገር አሁን በኖራ ልትለስንብን ነው?»

ከአልጋዎቹ በአንዱ የተኛው ሳል ይዞት አፉን በብርድ ልብስ አፈነ። ባለቁልፏ እማማ ቁልፎቻቸው እንዳይንቃጨሉ በእጃቸው ጨብጠው ይዘዋቸዋል።

ጸሐፊው ወደ ክፍሉ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ለረጅም ጊዜ አየ። ምን እንዳየ እሱ ያውቃል፤ አንገቱን ሲመልስ ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ስሙስ?» አለ።

የሰዓሊው ስም ከመግቢያው በር በላይ፣ በነጩ ጠርዝ ላይ፣ ከክፍሉ ማዶ በሚነበብ ትልልቅ ፊደል በዚያው ሰማያዊ ተጽፏል።

«ሰው ሁሉ በሱ ሥር ነው የሚገባው» አለ ጸሐፊው። «እናቴ ከወንድሜ ጋር የቆሙት የተኙበትን ቤት ማየት እፈልጋለሁ ትለኛለች። በዚያ ስም ሥር አላሳልፋትም።»

«ስሙን አልገዛነውም» አሉ ሻምበሉ። «ውሰዱልን።»

«በውሃ ይለቃል» አለች ባለኖራዋ ከላይ።

ሁሉም ወደ እሷ አዩ። እሷም እየወረደች ነገረቻቸው። በእርጥቡ የተሣለው ሁሉ፣ ሰዎቹ፣ ሽመላዎቹ፣ ወንዙ፣ ከልስኑ ጋር ድንጋይ ሆኗል፤ ግድግዳው ካልፈረሰ አይወጣም። ያ ውድ ሰማያዊ ግን በእርጥብ ስለማይሆን ሰማዩን የቀባው በደረቁ፣ በሙጫ ውሃ በጥብጦ ነው። እናቷ ስምህን ግን በተራው ቀለም በእርጥቡ ጻፈው፣ ያኔ አይጠፋም ብላው ነበር። በተራ ቀለም ስሜን አልጽፍም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲኮራረፉ ታስታውሳለች። በመጨረሻ እንደ ፍላጎቱ በውዱ ቀለም በደረቁ ጻፈው፤ እናቷም ትከሻዋን ነቅንቃ ተወችው።

«እህቴን!» አለ አጎቷ ከበሩ ሥር፤ ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

«ሰማዩም እንዲሁ ነው» አለች ባለኖራዋ ለእማማ። «ውሃ ከነካው ይሄዳል። የቤቱን ክዳን ጡብ በየክረምቱ መግቢያ እኔ ወጥቼ አያለሁ። ክፍያ አልፈልግም።»

«ማን ክፍያ አነሳብሽ?» አሉ እማማ፤ ፊታቸውን ወደ ወዲያ አዙረው ነበር።

ጸሐፊው የቆዳውን ከረጢት በእጁ ይዞ ትንሽ አሰበ። «ስሙ ይጥፋ። ሰማዩ ይቆይ» አለ። «ለአገረ ገዢው እኔ እነግራለሁ። ካልተቀበሉኝ ሻምበልን በአልጋቸው ተሸክሜ እወስዳቸዋለሁ።»

«ከባድ ነኝ» አሉ ሻምበሉ።

መሰላሉን ከበሩ ላይ አስደገፉት። ባለኖራዋ ንጹሕ ውሃ በትንሽ ባልዲ ይዛ ሰፍነጓን እያጠበች ከመጨረሻው ፊደል ጀመረች። ደስታ ይሰማኛል ብላ ነበር፤ አልተሰማትም። ሐዘንም ብቻውን አልነበረም። ይህን ቀለም ያን ጊዜ ዱቄት እስኪሆን የፈጨችው እሷ ናት፤ እጇ ለቀናት ሰማያዊ ሆኖ ለጓደኞቿ እያሳየች ስትቦርቅ አባቷ አይቷት የሳቀው ሳቅ ትዝ አላት። ከየት እንደመጣ አላወቀችም ነበር። ሳቁ ግን እውነተኛ ነበር፤ ይህንም ማንም አይወስድባትም። ፊደል በፊደል እየጠፋ ሲሄድ በልቧ አመሰገነች፤ እናቷን፣ ጋጋሪውን፣ ሻምበሉን፣ ሁሉንም። ስሙ ካለቀ በኋላ የቀረው ነጭ ልስን ብቻ ነበር፤ ከዳሩም ጠፍጠፍ ያለ አንድ የአውራ ጣት አሻራ።

«ይሄ ይደፋ?» አለ አጎቷ የትንሹን ባልዲ ሰማያዊ ውሃ ተቀብሏት።

«ምን ቆርጦህ? ኖራው ውስጥ ጨምረው።»

አጎቷ አያት፣ ከዚያ ገባው። ኖራ ብቻውን ሲደርቅ ገርጣ ይላል፤ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ ከተደረገበት ግን ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ይህን የኖራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በእንዲህ ያለ ውድ ሰማያዊ ያደረገው ግን እስከ ዛሬ ማንም የለም። በርሜሉ ውስጥ አፈሰሰና በረጅሙ ዱላ አማሰለው።

«አሁንስ ወተት መሰለ» አለ። «ጣሪያ ልንቀባ መጥተን ጣሪያው ካልተፈለገ የት ልናደርሰው ነው? በቅሎይቱን እንቀባት?»

ጸሐፊው ከኋላቸው ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። «የውሃ በሩ ግድግዳ» አለ፤ ድምፁ ጎርነን ብሎ። «ጥላሸቱ እንዳለ ነው። ማንም ሊነካው አልደፈረም።»

ቁልቁለቱን በቅሎይቱ ሳትለመን ወረደች። ክር ሻጪዋ ከደጃፏ ቆማ በርሜሉ ሙሉ ሆኖ ሲመለስ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች፤ የአገረ ገዢው ጸሐፊ ከጋሪው ጎን በእግሩ ሲሄድ ስታይ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባት። ባለኖራዋ በዚህ ጊዜ ሰላምታ አልጠበቀችም። ራሷ ቀድማ «እንዴት ዋልሽ?» አለቻት፤ ክር ሻጪዋም ሳታስበው «እግዜር ይመስገን» ብላ መለሰች።

ውሃ በሩ ከግንቡ ሥር ያለ ዝቅተኛ ዋሻ መሳይ መግቢያ ነው። ቦዩ በመሃሉ ይፈሳል፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ቅስቱ እሳቱ እንደተወው ጠቁሯል። አጎቷ ጥላሸቱን በመጥረጊያ ጠረገ፤ ባለኖራዋ ቀሚሷን ሰብስባ መቀባት ጀመረች። ጸሐፊው ካባውን አውልቆ ባልዲ ያመላልስላት ነበር፤ እንዲያቀብል ማንም አልጠየቀውም።

ዙሩን ጨርሳ ብሩሹን ስታስቀምጥ ግድግዳው አመድማ ሆኖ የረጠበ ድንጋይ ይመስል ነበር። ጸሐፊው አየውና ፊቱ ወደቀ።

«አልሸፈነውም» አለ።

«ይጠብቁ ጌታዬ። ኖራ የሚነጣው ሲደርቅ ነው።»

በቦዩ ዳር በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በመግቢያው ገባ ብላ ግድግዳውን ቀስ እያለች ትነካው ጀመር፤ በነካችበትም ሁሉ ግራጫው እየሸሸ ነጩ ይወጣል። ከታች ተነስቶ ወደ ቅስቱ ወጣ። ቦዩ ላይ ያረፈው ብርሃኑ ውሃውን እስከ ጠጠሩ ድረስ አበራው።

ጸሐፊው ተነሳና ወንድሙ ወድቆ ተገኘ ወደተባለበት ጥግ ሄደ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«አመሰግናለሁ፣ እህቴ» አለ ሳይዞር። «እንዲህ ያለ ነጭ አይቼ አላውቅም። ከሌላ ኖራ በምን ይለያል?»

ባለኖራዋ አፏን ልትከፍት ስትል አጎቷ ቀደማት፤ ይህ ሰውዬ መቼም ዝም ማለት አያውቅበትም።

«ትንሽ ሰማያዊ ጠብ ብሎበታል ጌታዬ።»

ጸሐፊው እጁን ከግድግዳው አነሳ። መዳፉን አየው፤ ነጭ ሆኗል። ትንሽ ቆየና መልሶ እዚያው አስቀመጠው።